የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር ደመወዝ የትኛውን ሥራ ይከፍላል?

ቅጠልያ፦

ጤና ይስጥልኝ። በባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን አጠናቅቄ የመመረቂያ ጽሑፌን ለማቅረብ እየተዘጋጀሁ ነው። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ልቀጠር ወይስ ወደ ሕክምና ላቦራቶሪዎችና ወደ መድኃኒት አምራቾች ልሂድ የሚለውን ለመወሰን ተቸግሬአለሁ። ስለ ደመወዙ ስጠይቅ አንድ ቁጥር ይነገረኛል፤ ስለ ሥራው ስጠይቅ ደግሞ «ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል፣ ከቅጥር ማስታወቂያ ላይ የተቀዳ የሚመስል መልስ አገኛለሁ። ያ ቁጥር ከሦስቱ የትኛውን እንደሚከፍል፣ የትኛውንስ በነጻ እንደሚያሠራ ያስረዳኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የባዮሎጂ መምህር ሥራ ከሒሳብ ወይም ከታሪክ መምህር ሥራ በምን ይለያል? ልዩነቱስ በደመወዙ ላይ ይታያል? ከመደበኛው ደመወዝ ሌላ ገቢ ካለ ከምን ይመጣል? ወደፊት ለሦስተኛ ዲግሪም ሆነ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ልሄድ ስለምችል፣ መልሳችሁ በአንድ ተቋም ብቻ የታጠረ ባይሆን ደስ ይለኛል።

ነጭ ጋዋን፦

ውድ ቅጠልያ፣ ለረጅም ዓመታት ጀነቲክስና ጠቅላላ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። የደመወዙን መጠን ከመጠየቅዎ በፊት በዚያ ተቋም አንድ የቤተ ሙከራ ሰዓት በስንት እንደሚታሰብ ቢጠይቁ ይሻላል እላለሁ። የመምህር የሥራ ጫና፣ በእኛ አጠራር ሎድ የምንለው፣ የሚለካው በአብዛኛው በሳምንት በሚሰጠው የትምህርት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሌክቸር እንደ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲቆጠር፣ አንድ የቤተ ሙከራ ሰዓት ግን በብዙ ተቋማት ሁለት ሦስተኛ ወይም ግማሽ ብቻ ሆኖ ይያዛል። የሚሰጠው ምክንያት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራው ተማሪው ነው፣ መምህሩ ይቆጣጠራል እንጂ አያስተምርም የሚል ነው። ሠላሳ ጀማሪ ተማሪዎች ምላጭ፣ እሳትና አሲድ ይዘው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ምክንያት የሚቀበል አይመስለኝም።

ሒሳቡን እንሥራው። መደበኛው ሎድ በሳምንት 12 ሰዓት ነው እንበል። የታሪክ መምህሩ 12 ሰዓት ሌክቸር ሰጥቶ ይሞላዋል። የባዮሎጂ መምህርቷ ግን 6 ሰዓት ሌክቸር ኖሯት የቀረውን በቤተ ሙከራ የምትሞላ ከሆነ፣ የቤተ ሙከራው ሰዓት በሁለት ሦስተኛ በሚታሰብበት ተቋም 9 ሰዓት፣ በግማሽ በሚታሰብበት ደግሞ 12 ሰዓት በቤተ ሙከራ መቆም ይኖርባታል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ደመወዝ እርሱ 12 ሰዓት ሲያስተምር፣ እርሷ 15 ወይም 18 ሰዓት ከተማሪ ጋር ትውላለች። ይህ ሁሉ እንግዲህ ዝግጅቱ ሳይጨመር ነው።

ዝግጅቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ልምምድ ላሳይዎት። የሜንዴልን የውርስ ሕጎች በተግባር ለማሳየት የፍራፍሬ ዝንብን፣ ማለትም ድሮሶፊላን፣ ማዳቀል የተለመደ ነው። በኮርሱ ዕቅድ ላይ «የድሮሶፊላ ማዳቀል፣ 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ሴቷ ዝንብ ግን ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ አከማችታ ስለምትቆይ፣ ለሙከራው የምትመረጠው ገና ከወንድ ጋር ያልተገናኘች መሆን አለባት፤ ይህም እንዲሆን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምትኖር ዝንብ ከፑፓዋ፣ ማለትም ከትልነት ወደ ዝንብነት ከምትለወጥበት ሽፋን፣ ከወጣች በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተለይታ መውጣት ይኖርባታል። ስለዚህ አንድ ሰው በጠዋት ገብቶ በጠርሙሱ ውስጥ ያሉትን ጎልማሳ ዝንቦች በሙሉ ያስወግዳል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ አዲስ የወጡትን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደነዝዛል፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያየ ሴቶቹን ከወንዶቹ በለስላሳ ብሩሽ ይለያል። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ዝንብ 10 ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ ሁለተኛው ትውልድ ተፈልፍሎ እስኪቆጠር ሥራው ከሦስት ሳምንት በላይ ይዘልቃል፤ ዝንቦቹ ደግሞ ቅዳሜና እሑድን አያውቁም። ከበቆሎ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከእርሾና አጋር ከሚባለው ማርጊያ የሚቀቀለው ምግባቸው ሻጋታ ካበቀለ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ቴክኒሻን ያለው የትምህርት ክፍል ይህን ሥራ ለቴክኒሻኑ ይሰጣል፤ የሌለው ደግሞ ለመምህሩ ይተወዋል። በሎድ ቅጹ ላይ ለመምህሩ የሚመዘገብለት ግን ያው 3 ሰዓት በሁለት ሦስተኛ ተባዝቶ 2 ሰዓት ነው።

የቤተ ሙከራ ሪፖርት እርማትንም አይርሱ። ሠላሳ ሠላሳ ተማሪ ያላቸው ሁለት ሴክሽኖች ካሉዎት በየሳምንቱ 60 ሪፖርት ጠረጴዛዎ ላይ ይከመራል፤ ግማሹ ከጓደኛ የተገለበጠ ስለሚሆን እርማቱ ከማንበብ ይልቅ ወደ ምርመራ ያደላል።

የእርከን ሰው፦

ነጭ ጋዋን ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነው። እኔ በትምህርት ክፍል ኃላፊነትና በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ስለሠራሁ፣ የደመወዙን አወቃቀር በተመለከተ ጥቂት ልጨምር።

የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ በሁለት መንገድ ይወሰናል። አንደኛው የሁሉም የትምህርት መስክ መምህራን በአንድ የእርከን ሠንጠረዥ የሚከፈሉበት ነው። በብሪታንያ ከ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) የማዕቀፍ ስምምነት ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀመር 51 ነጥብ የነበረውን የጋራ የደመወዝ እርከን ይጠቀማሉ፤ በሌሎች ብዙ አገሮችም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከረዳት ምሩቅ እስከ ሙሉ ፕሮፌሰር ያለውን ማዕረግ ተከትሎ የሚወጣ ሠንጠረዥ አላቸው። በዚህ ሥርዓት የባዮሎጂና የታሪክ መምህር ማዕረጋቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ደመወዛቸውም እኩል ነው፤ ልዩነቱ የሚፈጠረው ነጭ ጋዋን ባሳዩት መንገድ፣ በሰዓቱ በኩል ነው።

ሁለተኛው ገበያውን የሚከተለው መንገድ ሲሆን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዋና ምሳሌ ናቸው። በዚያ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የምሕንድስናና የቢዝነስ መምህራን ከባዮሎጂ መምህራን የበለጠ ይከፈላቸዋል፤ ምክንያቱም እነርሱን ከዩኒቨርሲቲው እጅ ለመንጠቅ የሚሻማ ኩባንያ በብዛት ስላለ ነው። በባዮሎጂ በኩል በየዓመቱ የሚመረቀው የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤት ከሚከፈተው ቋሚ የመምህርነት ቦታ እጅግ ስለሚበልጥ ተደራዳሪው ዩኒቨርሲቲው ይሆናል። በሕክምና ትምህርት ቤት ሥር አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ ወይም ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ በተለየ ስኬል ይከፈላሉ፤ ይሁንና ከደመወዛቸው ከፊሉን ራሳቸው ከምርምር ገንዘብ እንዲያመጡ የሚጠበቅባቸው ቦታ ብዙ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይሳቡ፤ የተረጋገጠው ክፍል ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

በአሜሪካ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የብዙ መምህራን ውል የ9 ወር ነው። ገንዘቡ በ12 ወር ተከፋፍሎ ሊሰጥ ቢችልም የሚከፍለው የ9 ወሩን ሥራ ነው። የክረምቱን ወራት ደመወዝ መምህሩ ከምርምር ገንዘብ ይሸፍናል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ ለዋና ተመራማሪ ደመወዝ በዓመት ከሁለት ወር ያልበለጠ መክፈልን እንደ መደበኛ ወሰን ይዟል። ስለዚህ ከሁለት አገር የመጡ ዓመታዊ ደመወዞችን ከማወዳደርዎ በፊት ውሉ የስንት ወር እንደሆነ ይመልከቱ።

የጀርመንም ታሪክ ጠቃሚ ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 የተደነገገው የፕሮፌሰሮች ደመወዝ ማሻሻያ በአገልግሎት ዘመን የሚያድገውን ክፍያ አስቀርቶ ዝቅ ያለ መነሻ ደመወዝና በውጤት የሚጨመር አበል ተክቶ ነበር። በሄሰን ክፍለ ግዛት የአንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር አቤቱታ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 መነሻ ደመወዙ ለማዕረጉና ለኃላፊነቱ የማይመጥን በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ፤ ክፍለ ግዛቶቹም ሠንጠረዦቻቸውን ለማስተካከል ተገደዱ። ዳኞቹ ካነሧቸው ጉዳዮች አንዱ በውጤት የሚገኘው አበል እርግጠኛ ስላልሆነ የመነሻ ደመወዙን ጉድለት ሊሞላ አይችልም የሚለው ነበር። ማንም ቀጣሪ «ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ጥቅማጥቅሙ ይክሰዋል» ሲልዎት ይህን ክርክር ያስታውሱ።

ስለ ተጨማሪ ገቢ ለጠየቁት፦ ከመደበኛው ሎድ በላይ ለሚያስተምሩት የሚከፈል የኦቨርሎድ ክፍያ፣ የማታና የክረምት ፕሮግራም፣ የውጭ ፈታኝነት፣ እንዲሁም የማማከር ሥራ አለ። በባዮሎጂ በኩል የማማከር ሥራው በብዛት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ የውኃ ጥራት ምርመራ፣ የምግብ ማይክሮባዮሎጂና የዕፅዋት መለየት ነው፤ ተቋሙም ከክፍያው የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። «እገሌ ትልቅ ግራንት፣ ማለትም የምርምር ድጎማ፣ አገኘ» ሲባል ብዙ ሰው መምህሩ የበለጸገ ይመስለዋል። የግራንት ገንዘብ ግን ከተቋሙ አስተዳደራዊ ቅናሽ የተረፈው በሪኤጀንት (በቤተ ሙከራ ኬሚካል)፣ በመሣሪያ ጥገናና በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አበል ያልቃል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው ሪፖርት የመጻፍ ግዴታ ነው።

ተመላላሽ መምህር፦

ከላይ ያሉት ሁለቱ የተከበሩ ባልደረቦቼ የጻፉት ስለ ቋሚ ቅጥር ነው። እኔ በኮርስ እየተከፈለኝ በተለያዩ ተቋማት ስለማስተምር፣ ሌላውን ገጽታ ማሳየት ግዴታዬ መሰለኝ።

በኮርስ ለሚከፈለው መምህር ሎድ የሚባል ነገር የለም፤ የሚከፈለው ለክሬዲት ሰዓቱ ነው። አንድ ባለ 4 ክሬዲት የማይክሮባዮሎጂ ኮርስ 3 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ቤተ ሙከራ ሊኖረው ይችላል፤ በሳምንት 6 ሰዓት ያስተምራሉ፣ የሚከፈለዎት ግን የ4 ነው። ተማሪው ስለ ውጤቱ ሊያነጋግርዎት ሲመጣ፣ የድጋሚ ፈተና ሲያወጡ፣ ምስክርነት ደብዳቤ ሲጽፉ ክፍያ የለም። ኮርሱ ተማሪ ከጎደለው ሴሚስተሩ ሊጀመር ሲል ይሰረዛል፤ እስከዚያ ያዘጋጁት ማስታወሻ በእጅዎ ይቀራል።

በነጭ ጋዋን አስተያየት በአንድ ነገር አልስማማም። ችግሩን የሰዓት ስሌት ብቻ ማድረግ ቋሚ መምህሩን ይጠቅም ይሆናል እንጂ እንደኔ ያለውን አይነካም። ለምሳሌ ያህል ለሰኞ ጠዋት ልምምድ የሚሆን፣ ባክቴሪያ የሚበቅልበት የአጋር ሳህን ማዘጋጀት አለ። የባክቴሪያው ምግብ በኦቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድለው መሣሪያ፣ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል ይመከናል፣ ከዚያ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ቶሎ ካፈሰሱት በክዳኑ ላይ እንፋሎት ተንጠባጥቦ ባክቴሪያው ይደባለቃል፣ ካዘገዩት በብልቃጡ ውስጥ ይረጋል። ስልሳ ሳህን አፍስሶ፣ አድርቆ፣ ገልብጦ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቋሚው መምህር ይህን ሲሠራ ቢያንስ ወርኃዊ ደመወዙ አለ። እኔ ስሠራው ማንም አያየውም። በአንድ ተቋም ለዝግጅት ጊዜ ክፍያ እንዲታሰብልኝ በጽሑፍ ብጠይቅ፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ኮርሱ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብኩ።

ቅጠልያ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቤተ ሙከራውን ስሌት በተመለከተ እስካሁን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። የመጀመሪያው፣ የእኔ ዝንባሌ ወደ ዕፅዋት ምደባና ሥነ ምኅዳር ስለሆነ፣ የመስክ ሥራ እንዴት ይታሰባል? ሁለተኛው፣ ለጀማሪ ተቀጣሪ ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ መደራደር የሚቻልበት ነገር አለ ወይስ የተሰጠውን መቀበል ብቻ ነው?

የመስክ ደብተር፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከቤተ ሙከራም በባሰ ሁኔታ የሚቀነሰው የመስክ ሰዓት ነው። መስክ ላይ ሙሉ ቀን ውሎ ማደር በብዙ ደንቦች ከክፍል ትምህርት ያነሰ ክብደት ይሰጠዋል፤ በአንዳንድ ቦታ እንዲያውም እንደ ጉብኝት ተቆጥሮ አበል ብቻ ይከፈልበታል። በዚያ ቀን ግን መምህሩ የአስተማሪነት ሥራውን ብቻ አይሠራም፤ የፈቃድ ደብዳቤ አስጽፎ፣ መኪና አስፈቅዶ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ይዞ፣ ማን በእባብ ሊነደፍ ማን ከገደል ሊንሸራተት እንደሚችል እያሰበ የሚውል ሰው ነው።

ከተመለሱ በኋላም ሥራው አያልቅም። የተሰበሰበው ናሙና በጋዜጣ መካከል ይጫናል፣ እርጥበቱን እስኪጨርስ ወረቀቱ በየዕለቱ ይለወጣል፣ ነፍሳት እንዳይበሉት በማቀዝቀዣ ይቆያል፣ በመጨረሻም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ተጽፎበት ወደ ሄርባሪየም፣ ማለትም ወደ ደረቅ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ፣ ይገባል። ሄርባሪየሙን የሚጠብቅ ባለሙያ የሌለው ተቋም ይህን ኃላፊነት ለዕፅዋት ምደባ መምህሩ «በተደራቢነት» ይሰጠዋል። ይህች ቃል በደብዳቤዎ ላይ ካለች፣ ስንት የሎድ ሰዓት እንደምትቀንስልዎት አጠገቧ ይጻፍ።

ከሰዓትም ከገንዘብም ውጭ የሆነ ግዴታ ደግሞ አለ፤ እርሱም ተጠያቂነት ነው። በእንስሳት ላይ የሚሠራ መምህር እ.ኤ.አ. በ1959 የቀረቡትንና ዛሬ በብዙ አገሮች የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚመሩባቸውን ሦስት መርሖዎች፣ ማለትም እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቅለል፣ በማመልከቻው ላይ ማስረዳት አለበት። በቤተ ሙከራው ለሚደርስ አደጋም ቀድሞ የሚጠየቀው ስሙ በር ላይ የተለጠፈው መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በካሊፎርኒያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት አንዲት ረዳት ተመራማሪ ስትሞት፣ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር በግላቸው በወንጀል ተከስሰው ነበር። ጉዳዩ የኬሚስትሪ ቢሆንም በባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎችም የደኅንነት ሥልጠናና ምዝገባ ከዚያ በኋላ ጠብቋል፤ ያንን መዝገብ የመያዝ ሥራም በመምህሩ ላይ ተጨምሯል።

ነጭ ጋዋን፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ አስቀድሜ ግን ለተመላላሽ መምህር፦ የተናገሩት እውነት ነው፣ የእኔ ስሌት ቋሚ ደመወዝ ላለው ሰው ብቻ ይሠራል። የዝግጅት ጊዜ በሰዓት ተመን ካልተከፈለ በቀር በኮርስ ለሚከፈለው ሰው መፍትሔ አይሆንም።

ቅጠልያ፣ እርከን ባለበት ተቋም መነሻ ደመወዙን ለማስጨመር ብዙ አይድከሙ። የሚያናግሩት የትምህርት ክፍል ኃላፊ ቢፈልግም ሠንጠረዡን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። በእርሱ እጅ ያለው ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ስንት የተለያየ ኮርስ እንደሚይዙ፣ ሴክሽኖቹ የአንድ ኮርስ ይሁኑ ወይስ የሦስት፣ ቴክኒሻኑ ለእርስዎ ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚመደብ፣ በቤተ ሙከራ አንድ ሴክሽን ስንት ተማሪ እንደሚይዝ። አንድን ልምምድ ለሦስት ሴክሽን መድገምና ሦስት የተለያየ ልምምድ ማዘጋጀት በቅጹ ላይ እኩል ሰዓት ናቸው፤ በሥራው ግን አይገናኙም። ሴክሽኑ ከሠላሳ ወደ ሃያ ቢወርድልዎት ከአንድ እርከን ጭማሪ የበለጠ ሳምንትዎን ይለውጠዋል።

ምርምሩን በተመለከተ የሚጠይቁት ደግሞ መቶኛው በየትኛው ሰነድ ላይ እንደተጻፈ ነው። በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች 40 በመቶ ማስተማር፣ 40 በመቶ ምርምር፣ 20 በመቶ አገልግሎት የሚለው ክፍፍል የተለመደ ነው፤ ሌሎች ተቋማትም ተመሳሳይ ቁጥር በመመሪያቸው ያሰፍራሉ። የማዕረግ ዕድገት የሚሰጠው በኅትመት ስለሆነ፣ 40 በመቶው በተግባር በማስተማር ከተበላ የዘገየው ዕድገት ራሱ የደመወዝ ቅናሽ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ያለፈውን ሴሚስተር የአንድ ባዮሎጂ መምህር የሎድ ቅጽ፣ ስሙ ተሸፍኖም ቢሆን፣ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ፈቃደኛ ካልሆኑ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑን ያነጋግሩ፤ በመጋዘኑ ስንት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ እንዳለና ባለፈው ሴሚስተር የትኞቹ ልምምዶች በዕቃ እጥረት እንደተዘለሉ ከኃላፊው በተሻለ ይነግርዎታል።